ታማሚዋን ማን ጠየቃት?



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር እንጂ በአደባባይ ሲወያዩበት የማይሰማ ነው። አንዲት ሴት በከባድ በሽታ ስትያዝ የህክምናዋን መንገድ የሚመርጠው ማን ነው? ሐኪሟ ነው? ባሏ ነው? ወንድሞቿ ናቸው? ለማሳከሚያ ያዋጣው ጀማዓ ነው? ወይስ አካሏ የሚቆረጠውና ደም ሥሯ የሚወጋው እሷ ራሷ ናት? ደግሞስ «ይህን እወስዳለሁ፣ ያንን አልወስድም» ብላ መምረጧ በቀደር ከማመንና በአላህ ላይ ከመመካት ጋር ይጋጫልን?

ከአንድ ካንሰር ድኖ በሌላ ካንሰር ለተያዘ ሰው ይህ ጥያቄ እጥፍ ይከብዳል። የመጀመሪያው መዳኑ በዙሪያው ላሉት ሁሉ ማስረጃ ይሆንላቸዋልና። አንዱ «ያኔ ያዳነሽ ጌታ አሁንም ያድንሻል፤ ምንም ሳታስቀሪ ሁሉንም ሞክሪ» ይላል። ሌላው «ያኔ የተረፍሽበት ይበቃሻል፤ አሁን ሶብር አድርጊና ተይው» ይላል። ሁለቱም ከአንድ መዳን ተነስተው ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣሉ። አንድ ማስረጃ ሁለት ተቃራኒ ነገር ካረጋገጠ ደግሞ መጀመሪያውኑ ማስረጃ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ በራሴ ስለደረሰ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሸኮ ወረዳ ነው። እናቴ የሸኮ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። አባቴ ከጅማ ወገን መጥቶ ቡና ሲነግድ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንገቴ ሥር እብጠት ወጣ። ሰፈርተኛው ንፍፊት ነው አለ። አዲስ አበባ ሲመረመር ግን ሆጅኪን የሚባለው የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የጨረር ህክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባቴ ከቡና መሬታችን ግማሹን በኮንትራት ሰጠ፤ የመስጂዳችን ጀማዓም አዋጣ። ኬሞቴራፒ ወሰድኩ፤ ቀጥሎም ደረቴ በጨረር ታከመ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ። አገባሁ፤ ሦስት ልጆችም ወለድኩ።

ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በግራ ጡቴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣች። ጅማ ተመርምራ የጡት ካንሰር መሆኗ ተረጋገጠ።

አካል የሚይዘው ሒሳብ

ሐኪሟ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ላስቀምጥ፤ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በልጅነታቸውና በአፍላ ወጣትነታቸው ለካንሰር ሲባል ደረታቸው በጨረር የታከመ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው በጡት ካንሰር እንደሚያዙ አስታውቀዋል። ያኔ ያዳነኝ ጨረር ለዛሬው በሽታዬ መንገድ ከፍቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጨረሩን አልረግምም። ያለ እሱ 24ቱን ዓመታት ባላገኘሁ፣ ልጆቼም ባልተወለዱ ነበር።

ነገር ግን አካል ሒሳብ ይይዛል። ለሌላ ሴት የሚቀርበው ምርጫ ሁሉ ለእኔ አይቀርብም። ብዙ ሴቶች ዛሬ እብጠቷን ብቻ አስወጥተው ጡታቸውን በማቆየት ከዚያ በኋላ ጨረር ይወስዳሉ። የእኔ ደረት ግን ሊሸከም የሚችለውን ጨረር አስቀድሞ ወስዷል። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች አንዱ ታማሚዎች «ቀዩ» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ነው። እሱንም በ1992 ወስጄዋለሁ። ይህ መድኃኒት በሕይወት ዘመን ከተወሰነ መጠን ካለፈ ልብን ያደክማል። በሰውነት ስፋት እየተሰላ በካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም ድረስ ያለው የጥንቃቄ ድንበር ነው። እኔ 300 ወስጃለሁ። ለጡት ካንሰር በተለምዶ የሚሰጡት አራት ዙሮች 240 ይጨምራሉ። ድምሩ 540 ነው፤ ከድንበሩ ላይ ያደርሰኛል።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የ1992ቱን የህክምና ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በሳጥኑ ውስጥ ስላስቀመጠው ነው። ሞቶ እንኳ ጠቀመኝ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከካንሰር የዳነ ሰው ቤታችሁ ካለ ምን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ ጨረሩም የት ላይ እንደነበረ የሚገልጸውን ወረቀት አትጣሉ። ዛሬ ቆሻሻ የሚመስለው ወረቀት ከሃያ ዓመት በኋላ ልብን ሊያተርፍ ይችላል።

በመጨረሻ ሐኪሟ ሦስት ነገር ፊቴ አስቀመጠች። የታመመው ጡት ይነሳ ወይስ ያው ጨረር ያገኘው ሌላኛውም አብሮ ይነሳ? ቀዩ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ ይቅር? እብጠቱ በሆርሞን የሚመገብ ዓይነት በመሆኑ ታሞክሲፌን የሚባለውን ክኒን ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ልወስድ ወይስ አልወስድ? ይህን ብላ ዝም አለችና መልሴን ጠበቀች። ወንድሜ ግን ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

የተጠየቀችው ሴት

ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ከአባቴ ሞት በኋላ የቤታችን ምሰሶ እሱ ነው። የቀረውን የቡና መሬት በኮንትራት ሰጥቶ ህንድ አገር ሊወስደኝ ቆርጦ ነበር። ሐኪሟ ቀዶ ህክምናውም ክኒኑም እዚሁ እንደሚገኝ ብትነግረውም «አንድ ጊዜ የተሰጣትን ሕይወት እንዴት በርካሽ ትጥላለች?» አለ። አክስቶቼ ደግሞ በሌላ በኩል «ቢላዋ የነካው በሽታ ይበተናል፤ ዱዓና ሶብር ይሻልሻል» አሉ። ሁሉም ስለ እኔ ተናገሩ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በሶሒሕ ዘገባ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት የሚጥል በሽታ ይዟት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት መንገድ አቀረቡላት። ብትታገሥ ጀነት አላት፤ ብትፈልግ ደግሞ እንድትድን ዱዓ ያደርጉላታል። እሷም ትዕግሥትን መረጠች፤ ነገር ግን በሽታው ሲጥላት ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። አደረጉላትም።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሶብር ትሩፋት ሲነገር ነው። እውነት ነው፣ ትሩፋቱ አለበት። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ያች ሴት ተጠይቃለች! ወሕይ የሚወርድላቸው መልእክተኛ እንኳ ለእሷ የሚሻለውን ወስነው አላዘዟትም። ሁለቱን መንገድ ከነውጤታቸው ነገሯትና መልሷን ጠበቁ። ከመረጠችም በኋላ በራሷ ጊዜ የጨመረችውን ልመና አልናቁባትም። ሰው የማያየው፣ የገላዋ መገለጥ ጭንቀት ነበረባት። ከበሽታዋ ይልቅ የሚያስጨንቃት ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ማንም ሌላ ሰው ሊመርጥላት ባልቻለ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ሐኪም ስለ በሽታው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። እኔ ደግሞ በሽታው ስለሚኖርበት ሕይወት ከሐኪሙ ይበልጥ አውቃለሁ። የቡና ለቀማው ወቅት ሲደርስ ቤቴ ማን እንደሚቀር፣ ትንሿ ልጄ ያለ እኔ ስንት ሌሊት እንደምትተኛ፣ የልብ ድካም ይዞኝ ዳገቱን ወጥቼ ውኃ ማምጣት ቢሳነኝ ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለቱ ዕውቀት ካልተገናኙ ትክክለኛ ውሳኔ አይገኝም። የሚገናኙት ደግሞ ታማሚዋ ስትጠየቅ ነው።

መምረጥና መመካት

«ሁሉም በአላህ ቀደር ነው፤ ታዲያ ምን ምርጫ አለ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነሱ የዐምዋስን ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ግድም ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰሓቦችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከቀደር መሸሽ አይሆንምን ብለው ሲሞግቷቸው፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ለምለምና ደረቅ ጎን ባለው ሸለቆ የወረደን የግመል እረኛ ምሳሌ አድርገው፣ እረኛው የቱንም ጎን ቢመርጥ ከአላህ ቀደር እንደማይወጣ አስረዷቸው። ምርጫው ራሱ በቀደር ውስጥ ነው። በኋላም አቡ ዑበይዳ ከወታደሮቻቸው ላለመለየት እዚያው ቀርተው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። አንዱ ተመለሱ፣ ሌላው ቀሩ። ሁለቱንም እናከብራቸዋለን። አንዳቸውም ሌላውን በእምነት ጉድለት አልከሰሱም።

ይህ ሲባል ግን ምርጫ ማለት እንደፈለጉ መሆን ነው ማለት አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሒ. ያረፉት) በኢሕያእ ላይ ጉዳትን የሚያስወግዱ ምክንያቶችን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ውጤቱ እርግጠኛ የሆነ ነው፤ ለተጠማ ውኃ፣ ለተራበ እንጀራ እንደማለት። ይህን መተው ተወኩል አይባልም። ሁለተኛው ውጤቱ በአመዛኙ የሚጠበቅ ነው፤ በሐኪሞች ዘንድ የታወቁት መድኃኒቶች እዚህ ይመደባሉ። ይህን መውሰድ ተወኩልን አይጻረርም፤ መተዉም በሁሉም ሁኔታ የተከለከለ አይደለም። ሦስተኛው በግምትና በምኞት ብቻ የተያዘ ነው።

የጅዳው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳለፈው ውሳኔ ተመሳሳይ ሚዛን አስቀምጧል። መተዉ ነፍስን ወይም አካልን የሚያጠፋ ሲሆን፣ ወይም በሽታው ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሲሆን መታከም ግዴታ ነው። ከዚያ በታች የሚወደድ፣ የሚፈቀድ፣ የሚጠላም ደረጃ አለው። በዚሁ ውሳኔ ላይ አእምሮው የተሟላና ለአካለ መጠን የደረሰ ታማሚ እንዲታከም የራሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተደንግጓል። ልብ በሉ፣ ግዴታና ፈቃድ በአንድ ውሳኔ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ግዴታው አማናውን እንዳልጥል ያስረኛል። ፈቃዱ ደግሞ አማናው ለማን እንደተሰጠ ያስታውሳል።

እንግዲህ የራሴን ጉዳይ በዚህ ሚዛን መዘንኩት። ገና ሳይሰራጭ የተገኘን እብጠት በቀዶ ህክምና ማስወጣት ለእኔ ከመጀመሪያው ደረጃ ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የአክስቶቼ ምክር ተወኩል አልሆነልኝም። በዱዓ አምናለሁ፤ ዱዓ ግን ቢላዋውን የሚከለክል ሆኖ አላገኘሁትም። ከታቢዒዮች ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸውን በሽታ ሲበላው ለመቆረጥ ፈቅደው፣ ከተቆረጠም በኋላ ለቀረላቸው አካል አላህን እንዳመሰገኑ ይተረካል። አካልን ለነፍስ ሲሉ መስጠት በደጋጎቹ ዘንድ የታወቀ መንገድ ነው።

ታሞክሲፌን በሁለተኛው ደረጃ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ነው። በሆርሞን የሚመገብ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ይህን ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ሲወስዱ በበሽታው የመሞት አደጋቸው በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ታይቷል። ዋጋውም ቡናዬን አያሸጠኝም። ቀዩ መድኃኒት ግን ለእኔ ሁኔታ ሌላ ሆነ። የብብቴ ዕጢዎች ነፃ ሆነው ስለተገኙና እብጠቱ ትንሽ ስለነበር የሚጨምርልኝ ጥቅም ጥቂት፣ በልቤ ላይ የሚጋርጠው አደጋ ደግሞ እውነተኛ ነው። እዚህ ላይ መተው ኃጢአት አልሆነብኝም፤ መምረጥ ሆነልኝ።

የሐኪም እርግጠኝነትም ይለወጣል

«ሐኪሞቹ ያዘዙትን ዝም ብሎ መቀበል አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሐኪምን ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን የጡት ካንሰር ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። በ1894 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ሃልስቴድ የተባለው አሜሪካዊ ቀዳጅ ሐኪም ጡትን ከነደረት ጡንቻውና ከነብብት ዕጢው ጠርጎ የሚያወጣ ቀዶ ህክምና ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ለሰባት አሥርት ዓመታት ያህል በብዙ አገር ትክክለኛው ህክምና እሱ ብቻ ነው ተባለ። ሴቶች ለምርመራ ተብለው ይደነዝዙና ሲነቁ ጡታቸው ከነጡንቻው ተወስዶ ያገኙት ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሮዝ ኩሽነር የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ምርመራውና ቀዶ ህክምናው በተለያየ ቀን ይሁን ብላ ተሟገተች። በመካከሉ ለመምረጥ ጊዜ እንዲኖራት ነበር የፈለገችው። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤም በዚሁ አሳብ ተስማማ።

በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ያካሄዱት ሙከራ የ20 ዓመት ክትትል በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም፣ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር የተሰጣቸው ሴቶች ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተነሳላቸው ጋር እኩል ዕድሜ መኖራቸው ተረጋገጠ። ይህ ለሐኪሞች ውርደት አይደለም። የራሳቸውን እርግጠኝነት ፈትነው ያረሙት እነሱው ናቸውና። ለእኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። «ሌላ መንገድ የለም» የሚለው ቃል በእምነትም በህክምናም ስም ሲነገር ረጋ ብለን ልንጠይቀው ይገባል።

ውለታ ይገዛልን?

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። በ1992 ያዋጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዱ ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥተው «ያኔ ከጀንፈላችን ሽጠን ያዳንንሽ ነሽ፤ አሁንም እንድንልክሽ ፍቀጂልን» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንዴት እምቢ ይባላል? ሕይወቴ ከፊሉ የእነሱ አይደለምን?

ብዙ አሰብኩበት። ሰደቃ የሚሰጠው ለአላህ ተብሎ ነው። ለአላህ የተሰጠ ነገር በተቀባዩ ላይ ጌትነት አያወርስም። ካወረሰ ግዢ ሆነ ማለት ነው። ውለታ ምስጋና ያስገድዳል፤ ፈቃድን ግን አይወስድም። እንዲያውም እውነተኛው ምስጋና የተሰጠኝን ሕይወት አስተውዬ መጠበቅ ይመስለኛል። ልጆቼን የሚያበላውን ቡና አሟጥጬ፣ እዚሁ የሚገኘውን ህክምና በባሕር ማዶ መግዛት ውለታን መክፈል አይሆንም። ለሽማግሌው በአክብሮት እንዲህ ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ እኛ እኮ አንቺን ሳንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ዱዓ ያደርጉልኛል፤ ጅማ ለምሄድበት ትራንስፖርትም አዋጡልኝ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ።

የማይነገራት ታማሚ

በዚህ ክርክር ላይ ከባዱ ተቃውሞ የሚከተለው ነው፤ ታማሚዋ ያልተማረች ብትሆንስ? ፈርታ ቀዶ ህክምናውን ብትሸሽስ? በአገራችን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ወደ 16,000 የሚጠጉ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ ይገመታል። አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ያፍራሉ፤ «ጡት» የሚለውን ቃል እንኳ ለባላቸው መናገር ይከብዳቸዋል። ለእነዚህ «ምረጡ» ማለት ለሞት አሳልፎ መስጠት አይሆንምን?

ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ግን ያለ እውነት መጠየቅ መጠየቅ አይደለም የሚል ነው። እኔ በ1992 ስታከም ለሰባት ወር ያህል «ንፍፊት ነው» እየተባልኩ ነበር። እውነቱን የሰማሁት አጠገቤ ከተኛች ታማሚ ነው። ቤተሰቤ የደበቀኝ ከፍቅር ነው፤ ቂም የለኝም። ነገር ግን የደበቁት በሽታውን ብቻ አልነበረም። ተወኩልንም አብረው ነጥቀውኛል። የማላውቀውን መከራ እንዴት ለአላህ ልሰጥ እችላለሁ? በምን ላይስ ሶብር ላድርግ? ንስሐዬን፣ ኑዛዜዬን፣ ዕዳዬን በምን ላስተካክል? እውነቱን የከለከላት ሰው የአንዲትን ታማሚ ዒባዳዋንም ይከለክላታል።

ስለዚህ ፈሪዋን ሴት የሚያድናት ከእሷ በላይ መወሰን አይደለም። በቋንቋዋ፣ በሸኮኛም ይሁን በቤንችኛ፣ በሚገባት ምሳሌ፣ በእርጋታ መንገር ነው። ለህክምና አስፈላጊ ሲሆን ገላን ለሐኪም ማሳየት እንደሚፈቀድ ዑለሞቻችን በየሚንበሩ ቢናገሩ፣ ሴት ሐኪም ስትገኝ እሷ ብትቀድም፣ ብዙ እህቶች እብጠታቸውን ከነጠላቸው ሥር ይዘው አይቀሩም። ጥያቄውን እንድትመልስ ካዘጋጀናት በኋላ መልሷን እንስማ።

የእኔ መልስ

እኔ ሁለቱም ጡቶቼ እንዲነሱ መረጥኩ። ሌላኛውም ያንኑ ጨረር ስለጠጣ፣ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ልዩ ምርመራም ከምኖርበት ሩቅ ስለሆነ ነው። ቀዩን መድኃኒት ተውኩ። ክኒኑን እየወሰድኩ ነው። የልጆቼ አባት ከሁሉም በፊት «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነው። እሱ ራሱ ሌላ ቢመኝም እንኳ መልሴን ጠብቆ አብሮኝ ቆመ። ወንድም ጋሼም ተቆጥቶ ሰነበተ፤ ቀዶ ህክምናው ዕለት ግን ከሁሉ ቀድሞ ጅማ ደረሰ።

እድናለሁ ብዬ አልፎክርም። በ1992 መዳኔ ከአላህ ጋር የተፈራረምኩት ውል አልነበረም፤ ጸጋ ነበር። ጸጋ ደግሞ ለነገው ማስያዣ አይሆንም። በሽታው ተመልሶ ቢመጣ ምርጫዬ ስህተት ነበር የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን የአንድ ውሳኔ ትክክለኛነት የሚለካው በተወሰነበት ሰዓት በነበረው ዕውቀትና ኒያ ነው፤ ውጤቱ የሌላ ባለቤት ነው። የእኔ ምርጫም ለሌላ ሴት ፈትዋ አይደለም። የእሷ እብጠት ሌላ ነው፣ ልቧ ሌላ ነው፣ ሐኪሟም ሌላ ምክር ይኖረዋል። ቀዩ መድኃኒት ለእሷ የግድ የሚያስፈልጋት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ቤታችሁ የታመመች እናት፣ ሚስት ወይም እህት ካለች፣ ስለ እሷ ከመሰብሰባችሁ በፊት ከእሷ ጋር ተቀመጡ። ሐኪሙ የተናገረውን ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ ንገሯት። ምን እንደሚያስፈራት፣ ምን እንዲቀርላት እንደምትፈልግ ጠይቋት። ከዚያ ዝም በሉና መልሷን አዳምጡ። እህቶቼ ደግሞ፣ ስትጠየቁ «እናንተ እንዳላችሁ» ብላችሁ አማናውን ለሌላ አትስጡ። አካላችሁን በተመለከተ ነገ በአላህ ፊት የምትጠየቁት እናንተው ናችሁና፣ ዛሬ በሰው ፊት ስትጠየቁ መልስ ይኑራችሁ።

ወላሁ አዕለም።